«አፈሩ ውስጥ አለ» ማለት «ተክሉ አገኘው» ማለት አይደለም

ለሰብል ማዕድን መጨመርን አጥብቆ የሚቃወም አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አይቻለሁ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። አፈር ሁሉንም ነገር ይዟል። ዚንክ፣ ብረት፣ ቦሮን የሚባሉት የሚያስፈልጉት በኢምንት መጠን ስለሆነ ቢቀሩም አይጎዱም። ፍግ ያለው ሰው ምንም አይጎድልበትም። ድሮ ያለ እነሱ ይመረት ነበር። ቅጠል ላይ የሚረጨው ለዓይን ያህል ነው። አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሲሊከን ደግሞ ተክል የማይፈልገው ነገር ነው። ማሳረጊያው ምክር እንዲህ ይላል፦ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ዩሪያ ጨምሩ፣ ሌላው ንግድ ነው።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ስጋታቸው ገበሬው በማያውቀው ጠርሙስ ላይ ገንዘቡን እንዳይጨርስ ነው። ይህ ስጋት የእኔም ነው። ግን በተሳሳተ ምክር አንድ የዘር ወቅት ያለፈበት ሰው ያን ወቅት መልሶ አያገኘውም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ብረት በአፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ለምን ይጨመራል?»

አዎ፣ ሞልቷል። እንዲያውም እሳቸው ካሉት በላይ ሞልቷል። እስቲ እናስላው። የ1 ሄክታር መሬት የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 2,500 ቶን ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 3 በመቶው ብረት ቢሆን 75 ቶን ብረት አለ ማለት ነው። በዚያው መሬት ላይ የበቀለ፣ 10 ቶን ደረቅ ክብደት ያለው ሰብል ግን የሚይዘው ብረት 1 ኪሎ ገደማ ነው። 75 ቶን ላይ ቆሞ 1 ኪሎ የሚያጣ ተክል አለ ቢባል ማን ያምናል? ማሳ ላይ ግን በየጊዜው የሚታይ ነገር ነው።

ተክል ማዕድን መውሰድ የሚችለው ማዕድኑ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው። አየር በሚገባው አፈር ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ አብዛኛው ዝገት መሰል ጠጣር ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ምን ያህሉ እንደሚሟሟ በዋናነት የሚወስነው የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ኮምጣጣ ነው፣ ኖራማ አፈር ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ፒኤች በ1 ከፍ ባለ ቁጥር የሚሟሟው ነፃ ብረት በ1,000 እጥፍ ይቀንሳል። ዚንክ ደግሞ በ100 እጥፍ። ስለዚህ ፒኤቹ 6 የሆነ ማሳና 8 የሆነ ማሳ እኩል ብረት ቢይዙም፣ ሥር ዘንድ የሚደርሰው ብረት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ጽሑፉ «ተክል ራሱ መላ ያበጃል» ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ኪያርን የመሳሰሉ ተክሎች ብረት ሲያጥራቸው ከሥራቸው አሲድ ያወጣሉ፤ ብረቱንም እዚያው ሥራቸው ላይ ሊወስዱት ወደሚችሉት ዓይነት ይለውጡታል። ስንዴና ገብስን የመሰሉ የሣር ዘመዶች ሌላ ዘዴ አላቸው። ከሥራቸው አንድ ውሁድ ወደ አፈሩ ይለቃሉ፤ ውሁዱ ብረት ላይ ተጣብቆ፣ ብረቱን ይዞ ተመልሶ ወደ ሥር ይገባል። ድንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ኖራማ አፈር ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት የወጣውን አሲድ ወዲያው ያከሽፈዋል። አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ሲገረጡ ሰነፍ ሆነው አይደለም። መላቸው አልሠራ ብሏቸው ነው።

ብረት ያጣ ተክል ካገኛችሁ ለጋውን ቅጠል ጠጋ ብላችሁ እዩት። የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ ቀርተዋል። በጅማቶቹ መሃል ያለው ገላ ግን ቢጫ ሆኗል፤ ሲብስ ወደ ነጭ ይጠጋል። ቢጫ ወረቀት ላይ በአረንጓዴ ቀለም የተሳለ ቀጭን መረብ ይመስላል። ታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ደህና ናቸው። ጥርጣሬ ብቻ አይበቃኝም ለሚል ሰው ቀላል መፈተኛ አለ። በጣም በቀጠነ የብረት ሰልፌት ውሃ ብሩሽ ነክራችሁ የቢጫውን ቅጠል ግማሽ ጎን ብቻ ቀቡት። ሌላውን ግማሽ ተዉት። የጎደለው ብረት ከሆነ የተቀባው ጎን በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ እየያዘ ይመጣል፤ ያልተቀባው እንደገረጣ ይቀራል። ያው አንድ ቅጠል ነው። ሥሩም ያው 75 ቶን ብረት ውስጥ ነው ያለው። ልዩነቱን ያመጣው ብሩሹ ላይ የነበረው ጠብታ ነው።

ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ያቀረቡት አንድ ገበሬ አለ። ብረት ሰልፌት አፈሩ ላይ በትኖ ምንም ለውጥ አላየም ይላሉ። አምናቸዋለሁ። ኖራማ አፈር ላይ የተበተነ ብረት ሰልፌት ብዙም ሳይቆይ ይዝግና ከነባሩ 75 ቶን ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ይህ የሚያሳየው የተመረጠው ዓይነት ትክክል አለመሆኑን ነው። ብረት አላስፈለገም ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም። ለእንዲህ ዓይነቱ አፈር የሚያገለግለው ኬሌት ነው፤ ብረቱን አቅፎ እንዳይዝግ የሚያቆይ ውሁድ። ኬሌትም ሁሉም አንድ አይደለም። ኢዲቲኤ የሚባለው ፒኤች 6.5 አካባቢ ሲደርስ ብረቱን መልቀቅ ይጀምራል። ዲቲፒኤ እስከ 7.5 ገደማ ይዘልቃል። ኢዲዲኤችኤ ፒኤች 9 ላይም አጥብቆ ይይዛል፤ ውዱም እሱ ነው። ሻጩ «ኬሌት ነው» ካላችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው አትግዙት።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነጥብ አለ። አንዳንዴ አፈሩን ማስተካከል ማዕድኑን ከመግዛት ይበልጣል። ሞሊብዲነም የሚባለው ማዕድን ከብረት በተቃራኒ የሚታሰረው አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን ነው። ፎስፈረስም በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ ተገቢ መጠን ያለው ኖራ ብዙ ነገር ይፈታል። ኖራ አብዝቶ የጨመረ ሰው ደግሞ በተራው የዚንክና የብረት እጥረት ራሱ ላይ ያመጣል። ተገቢ መጠን ያልኩት ለዚያ ነው።

«መጠኑ ኢምንት ስለሆነ ቢቀርም አይጎዳም»

ይህ የጽሑፉ ደካማው ነጥብ ይመስለኛል። የሚያስፈልገው መጠን ማነስና የጥቅሙ ማነስ ለየቅል ናቸው። በአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል ውስጥ 15 ግራም ያህል ናይትሮጅን ይገኛል። ሞሊብዲነም ግን 0.1 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። በክብደት 150,000 እጥፍ ይበላለጣሉ። ሆኖም ተክሉ በናይትሬት መልክ የወሰደውን ናይትሮጅን ወደ ሥጋው ለመለወጥ የሚጠቀምበት ኤንዛይም ያለ ሞሊብዲነም አይሠራም። ጥራጥሬ ከሆነማ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙበት ኤንዛይምም ሞሊብዲነም ይፈልጋል። ናይትሮጅን እየጨመራችሁ ተክሉ የናይትሮጅን ረሃብተኛ መስሎ ይታያችኋል። በ1942 አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪ በደቡብ አውስትራሊያ ክሎቨር የተባለው የመኖ ተክል አልበቅል ያለበትን መሬት ሲያጠኑ የጎደለው ሞሊብዲነም ሆኖ አገኙት። ዛሬ እንዲህ ላለው እጥረት በሄክታር ከ50 እስከ 100 ግራም ሞሊብዲነም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቦሮንም እንዲሁ ነው። ካትሪን ዋሪንግተን በ1923 ባቄላ ያለ ቦሮን ማደግ እንደማይችል አሳዩ። በ1939 ደግሞ አርኖንና ስታውት አንድ ንጥረ ነገር «አስፈላጊ» የሚባልበትን መስፈርት አስቀመጡ። ያለ እሱ ተክሉ የሕይወት ዑደቱን መጨረስ የማይችል፣ ሌላ ንጥረ ነገር የማይተካው፣ በተክሉ ሥራ ውስጥ በቀጥታ የሚሳተፍ መሆን አለበት። በዚህ መስፈርት ዛሬ ዝርዝሩ ላይ 17 ንጥረ ነገሮች አሉ። ከአየርና ከውሃ የሚገኙትን ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብትቀንሱ 14 ይቀራሉ። ዩሪያ ከ14ቱ አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው።

በቱርክ መካከለኛው አናቶሊያ የሆነውን ማንሳት እፈልጋለሁ። ሰፊ የስንዴ ምድር ነው፤ አፈሩ ኖራማ፣ ፒኤቹ ከፍ ያለ። ገበሬዎቹ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይጨምሩ ነበር፤ ስንዴው ግን በብዙ ቦታ አልሻሻል ይላል። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ዚንክ ጨምረው ሲሞክሩ ምርቱ በጣም ጨመረ። እጥረቱ በከፋበት ማሳ ላይ ዚንክ ያገኘውና ያላገኘው መደብ በዓይን ይለይ ነበር። ከዚያ በኋላ ዚንክ ያለበት ማዳበሪያ በአገሪቱ ተስፋፋ። ልብ በሉ፣ ፎስፈረስ በብዛት መጨመሩ ራሱ የዚንክ እጥረትን ሊያባብስ ይችላል። አንዱን ብቻ እየደጋገሙ መጨመር ሌላውን ያስርበዋል።

«ፍግ ካለ ሁሉም አለ»

ፍግን የሚያጣጥል ነገር ከእኔ አትሰሙም። አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውሃ ያስይዛል፣ ሲብላላ የሚወጡት አሲዶችም ዚንክና ብረትን አቅፈው ለሥር ያቀርባሉ። በእንግሊዝ ሮታምስተድ ከ1843 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚካሄድ የስንዴ ሙከራ አለ። እዚያ ብዙ ፍግ ያገኘው መደብና ማዕድን ማዳበሪያ ያገኘው መደብ ለረጅም ዘመን ተቀራራቢ ምርት ሰጥተዋል። ግን በሄክታር 35 ቶን ፍግ በየዓመቱ ነው እየተጨመረ ያለው። ያን ያህል ፍግ ያለው ስንቱ ነው?

ሌላም ነገር አለ። ፍግ የሚመጣው ከብቶቹ ከበሉት መኖ ነው። መኖው ዚንክ በጎደለው መሬት ላይ የበቀለ ከሆነ ፍጉም ዚንክ ያንሰዋል። ኮምፖስትም ያው ነው። በግቢው ውስጥ ያለውን ያዞራል፤ የሌለውን አይፈጥርም። እህሉ ተሸጦ በወጣ ቁጥር ደግሞ ማዕድኑም አብሮ ይወጣል።

«ድሮ ያለ እነዚህ ነገሮች ይመረት ነበር»

ይመረት ነበር፤ ምርቱ ግን የዛሬውን ያህል አልነበረም። ምርት ሲጨምር ከአፈር የሚወጣውም ይጨምራል። አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ የአውሮፓ ድኝ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የከሰል ጭስ ድኝን በነፃ ማሳው ላይ ያወርድ ነበር። ያኔ ገበሬው የሚጠቀምበት ሲንግል ሱፐር ፎስፌትም ከ11 እስከ 12 በመቶ ድኝ ነበረው። ስለ ድኝ ያሰበ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ከ1980ዎቹ ወዲህ አየሩ ሲጸዳና ገበሬው ድኝ ወደሌላቸው እንደ ዳፕ ወዳሉ ማዳበሪያዎች ሲዞር፣ የጎመንዘርና የስንዴ ማሳዎች መገርጣት ጀመሩ። መሬቱ ያው ነው፤ በዙሪያው ያለው ነገር ግን ተለውጧል።

«ቅጠል ላይ መርጨት ለዓይን ነው»

እዚህ ላይ መልሱ «ምኑን ነው የምትረጩት?» የሚል ነው። ናይትሮጅን ከሆነ ጸሐፊው ልክ ናቸው ማለት ይቻላል። 10 ቶን ደረቅ ክብደት ያለው ሰብል 150 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይይዛል። 2 በመቶ ዩሪያ ያለበት 400 ሊትር ውሃ ብትረጩ የሰጣችሁት ናይትሮጅን 3.7 ኪሎ ነው። ባዶ ሆድ ላይ እንደ አንድ ጉርሻ ነው። ፖታሲየምም እንደዚያው። ዚንክን እንየው ደግሞ። ያው ሰብል የሚፈልገው ከ200 እስከ 300 ግራም ነው። 0.5 በመቶ ዚንክ ሰልፌት ያለበት 400 ሊትር ውሃ 450 ግራም ገደማ ዚንክ ይዟል። ሁሉም ቅጠሉ ውስጥ አይገባም። ጥቂቱ እንኳ ቢገባ ግን ትርጉም አለው። በቅጠል የሚረጭ ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ብረት ፒኤቹ አስቸጋሪ የሆነውን አፈር ጭራሽ ሳይነካ ያልፋል። ጉድለቱ ከባድ ከሆነ መደጋገም ይጠይቃል። ሲረጭ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ባይሆን ይሻላል። መጀመሪያ በጥቂት ተክሎች ላይ ሞክሩት፤ የበዛ ጨው የቅጠል ጠርዝ ያቃጥላል።

ካልሲየም የተለየ ጠባይ አለው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ነው። የቲማቲም ፍሬ ግርጌው ላይ ጠቁሮ፣ ሰርጉዶ፣ እንደ ቆዳ ሲደርቅ አይታችኋል። ፍሬው ካልሲየም አጥቶ ነው። ሰዉ ካልሲየም ገዝቶ ቅጠሉ ላይ ይረጫል፤ ፍሬው መበላሸቱን ይቀጥላል። ምክንያቱም ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከሥር ወደ ላይ ከሚወጣው ውሃ ጋር ነው። ቅጠል ላይ ያረፈው ወደ ፍሬው አይመለስም። ቅጠል ብዙ ውሃ ስለሚያተን ብዙ ካልሲየም ይደርሰዋል፤ ፍሬ ግን ብዙም አያተንም። አፈሩ አንዴ ሲደርቅ አንዴ ሲጥለቀለቅ ቅድሚያ የሚጎዳው ፍሬው ነው። ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፤ የጎደለው ያልተቆራረጠ ውሃ ነው። አሞኒየምና ፖታሲየም ማብዛትም ካልሲየምን ይጋፋል። እንዲህ ያለውን ቲማቲም ለማዳን ጠርሙስ ከመግዛት በፊት የውሃ ማጠጫውን ሰዓት ማስተካከል ይቀድማል።

«ሲሊከን ተክል የማይፈልገው ነገር ነው»

ሲሊከን ለአብዛኞቹ ሰብሎች ከ17ቱ ዝርዝር ውስጥ የለም። እስከዚህ ትክክል ናቸው። ግን ከዝርዝሩ ውጭ መሆን ከጥቅም ውጭ መሆን አይደለም። የሩዝ ገለባ ደረቅ ክብደት እስከ 10 በመቶ ሲሊከን ሊሆን ይችላል፤ ከናይትሮጅኑ በላይ ማለት ነው። ሲሊከኑ በቅጠሉ ልባስ ሴሎች ግድግዳ ላይ ይጠራቀማል። ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አገዳው በንፋስ ቶሎ አይጋደምም፣ ፈንገስም በቀላሉ አይገባበትም።

የእጥረትን ጉዳይ በተመለከተም መረጃ አለ። ብረት በተነፈገ ኪያር ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሲሊከን ያገኙት ተክሎች ካላገኙት ያነሰ ገርጥተዋል። ሲሊከኑ ሥሩ ውስጥ ከሴሎቹ ውጭ የሚከማቸው ብረት እንዲበዛና ወደ ላይ እንዲንቀሳቀስ ስለሚያግዝ ነው። ፎስፈረስ ያጠረው ሩዝ ላይ ደግሞ ትርፍ ማንጋኒዝና ብረት እንዳይገባ ስለሚገታ ያለው ጥቂት ፎስፈረስ የተሻለ ሥራ ይሠራል። ድጋፍ ነው እንጂ ምትክ አይደለም። የሌለውን ብረት ሲሊከን አይፈጥርም። እንደ ቲማቲም ያሉ ተክሎች ደግሞ ሲሊከን የሚወስዱት በጣም ጥቂት ስለሆነ ከሩዝ የሚገኘውን ውጤት ከእነሱ መጠበቅ አይቻልም። «ይህን ከተጠቀማችሁ ማዳበሪያ አያስፈልጋችሁም» የሚል ሻጭ እየዋሸ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። ሻጩ አጋነነ ብሎ ግን የተረጋገጠውን ነገር መካድ አያስኬድም።

«ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ዩሪያ ጨምሩ»

ይህን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው። ሌላው የሐሳብ ልዩነት ነው። ይህ ግን ነገ ጠዋት ማሳ ላይ የሚሠራበት ምክር ነው።

መጀመሪያ የሚታየው የትኛው ቅጠል ቢጫ እንደሆነ ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይዘዋወራሉ። ሲያጥሩ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለለጋው ይሰጣል። ስለዚህ ችግሩ ከታች ይጀምራል። ናይትሮጅን ሲያጥር የታችኛው ቅጠል ሙሉ ለሙሉ ይገረጣል። ማግኒዚየም ሲሆን የታችኛው ቅጠል በጅማቶቹ መሃል ብቻ ይቢጫል። ፖታሲየም ሲያጥር የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ የተቃጠለ ይመስላል። ብረት፣ ካልሲየምና ቦሮን ግን አንዴ ካረፉበት አይነሱም ማለት ይቻላል፤ ዚንክና ድኝም እንደ ልብ አይዘዋወሩም። እነዚህ ሲያጥሩ ችግሩ የሚታየው ላይ፣ ለጋው ቅጠል ላይ ነው። በቆሎ ዚንክ ሲያጥረው በለጋው ቅጠል ግርጌ፣ በመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ፣ ነጣ ያለ ሰፊ ሰንበር ይወጣል። ተክሉም ይኮሰምናል፤ አንጓዎቹ ይቀራረባሉ።

ላይኛው ቅጠሉ በዚንክ እጥረት የገረጣ በቆሎ ላይ ዩሪያ መጨመር ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ናይትሮጅኑ ዕድገቱን ይገፋዋል፤ ዕድገቱ ተጨማሪ ዚንክ ይጠይቃል፤ ዚንኩ የለም።

ዓይንም ብቻውን አይበቃም። ውሃ የተኛበት ሥር፣ የታመመ ሥር፣ ቅማል የወረረው ቅጠል ሁሉ ቢጫ ያመጣሉ። አንድ ተክል ላይ ሁለት እጥረት ሲደራረብ ምልክቶቹ ይቀላቀላሉ። ለዚህ የአፈርና የቅጠል ምርመራ አለ። በአፈር ምርመራ፣ ላቦራቶሪው በዲቲፒኤ ከአፈሩ የሚያወጣው ዚንክ በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም ካለው ድንበር በታች ከሆነ ብዙ ሰብሎች ዚንክ ሲጨመርላቸው ይሻሻላሉ። በለጋ ቅጠል ውስጥ ደግሞ በኪሎ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን መጠርጠር ተገቢ ነው። ምርመራ የማይገኝበት ቦታ ላይ ያለ ሰው ማሳውን በሙሉ ከማዳረሱ በፊት በአንድ ጠባብ መደብ ላይ ይሞክር፤ ጎኑ ያለውን ሳይነካ ይተው፤ ከዚያ ያወዳድር።

ማዕድን ሲበዛ መርዝ ነው የሚለው የጸሐፊው ማስጠንቀቂያ በተለይ ለቦሮን እውነት ነው። በሚበቃውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ለአንድ ሰብል የተመጠነው ቦሮን ለሌላው ሊበዛ ይችላል። ይህ ግን ምርመራ ይቅደም የሚለውን ያጠናክራል እንጂ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ያን ጽሑፍ አንብባችሁ ዩሪያ ጨምራችሁ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ዙር ከመጨመራችሁ በፊት ማሳው ውስጥ ግቡ። ከአምስት ስድስት ቦታ ተክል ምረጡ፤ የላይኛውንና የታችኛውን ቅጠል ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ቢጫው የላይኛው ቅጠል ከሆነ ዩሪያውን አቁሙ። አንዱን ተክል ከነሥሩ ነቅላችሁ ሥሩ ነጭና ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ። ጤነኛ ከሆነ ብሩሹን አንሱ፤ አንዱን ቅጠል በብረት፣ ሌላውን በዚንክ ውሃ ግማሽ ጎኑን ቀብታችሁ ለምልክት ክር እሰሩበትና ጠብቁ።